ዓመቱ ያልደረሰ ጎማ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አንድ ቤት ሊፈርስ ሲል በምን ተአምር እንደ ተረፈ ልንገራችሁ። ለቅሶ የምትወዱ ታለቅሳላችሁ፤ እኔም ስጽፈው ሆዴ እየባባ ስንት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ! ነገር ግን ከወዲሁ ላረጋጋችሁ፣ በዚህ ታሪክ የሚቀበር ሰው የለም። ሊቀበር የነበረው የሁለት ወንድማማቾች ፍቅር ነው። ገዳዩም ሽፍታ አልነበረም፣ በሽታም አልነበረም… ጎማ ነበር። አዎ፣ የመኪና ጎማ! አትሳቁ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ላይ፣ ትናንት ጤፍ ይታጨድበት የነበረው መሬት ዛሬ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በሆነበት ሰፈር፣ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የብርጓልና ከአንዲት ልጃቸው ከሰብለ ወንጌል ጋር ይኖራሉ። መሪጌታ የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የማርቆስ፣ የሉቃስ ይሁን የዮሐንስ፣ ሁሉንም በጣታቸው አንጓ ላይ ቆጥረው የሚያወጡ ሊቅ! ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ ዐቢይ ጾም መቼ ይገባል ብላችሁ ብትጠይቋቸው፣ የጎረሳችሁትን ሳትውጡ መልሱን ያቀብሏችኋል። ወይዘሮ የብርጓል ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ በቢሮ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ሳቃቸው ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። አሮጌዋን ነጭ ኮሮላ የገዟት እሳቸው ሲሆኑ የሚነዷት ግን መሪጌታ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ጣራውን እየታከከ፣ ከንፈራቸው ዳዊት እየደገመ። የሰፈሩ ባጃጆች ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንገድ ይለቃሉ፤ ከአክብሮት ይሁን ከፍርሃት እኔ አላውቅም።

የዚህ ቤት ደስታ ሙሉ የሚሆነው ግን እሑድ እሑድ ገድሉ ሲመጣ ነበር። ገድሉ የመሪጌታ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዓባይ ማዶ ጎማ ቤት አለው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያርፉ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር። መሪጌታ ያን ጊዜ የቆሎ ተማሪ ናቸው፤ ይህን ሕፃን በጀርባቸው አዝለው፣ ለምነው ያገኟትን ቁራሽ አላምጠው እያጎረሱ አሳደጉት። እንግዲህ ገድሉ «ጋሼ» ሲላቸው በልቡ «አባዬ» ማለቱ ነበር። ለአካለ መጠን ደርሶ ቢያገባ… ወይ የዕድል ነገር! ሚስቱ ውዴ በምጥ ላይ እንዳለች ሕይወቷ አለፈ፤ ሕፃኑም ይህን ዓለም ሳያይ አብሯት ሄደ። ያልተወለደ ልጁን ከነእናቱ በአንድ ጉድጓድ ቀበረ! ከዚያ ወዲያ ሌላ ሴት ቀና ብሎ አላየም። ፍቅሩ ሁሉ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞረ። ሰብለ ወንጌልን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ልጄ» ነው የሚላት።

ታዲያ ሰብለ ወንጌል ለዘጌው ዲያቆን ለዓምደ ሚካኤል ታጨች። ገድሉ ወሬውን ሲሰማ ጎማ ቤቱ መካከል ቆሞ እንደ ሴት እልል አለ፤ ደንበኞቹ ደነገጡ! ሥርዓተ ተክሊሉ በጥር ወር፣ ዘጌ፣ ሙሽራው በሚያገለግልበት ደብር እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። ልጅቱ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባዬ፣ የኪራይ መኪና አልፈልግም። በኮሮላችን፣ ራስዎ እየነዱ ይውሰዱኝ» አለች። መሪጌታ ጥምጥማቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ዓይናቸውን ጠረጉ። የኮሮላዋ ጎማዎች ግን መላጣ ሆነው ነበር፤ የዘጌ መንገድ ደግሞ ኮረኮንች ነው። «አራቱም ይቀየራሉ!» ብለው ፈረዱ። ገድሉም ደስታው እጥፍ ሆነ። «ጋሼ፣ ይምጡና ከእኔ ቤት ይምረጡ። ለልጄ የሰርግ ስጦታዬ ይሁን» አላቸው።

መምረጥ! አየ መምረጥ! በዚያው ሰሞን አንድ የትራፊክ ፖሊስ በሬዲዮ ሲናገር መሪጌታ ሰሙ። «ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተቀረጹትን አራት ቁጥሮች ተመልከቱ። የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሯችኋል። ያረጀ ጎማ ነፍስ ያጠፋል» ይላል። የመሪጌታ ጆሮ ቆመ። ዘመን ቆጠራ! የእሳቸው ነገር! ጎማ ላይም ባሕረ ሐሳብ አለ ለካ! ሬዲዮው ግን ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሚጻፍ አልተናገረም። ጎማው ከፈረንጅ አገር ስለሚመጣ ዓመቱም የፈረንጅ ነው፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። መሪጌታም ቢጠየቁ ኖሮ፣ የፈረንጅ ዘመን ከእኛ በሰባትና በስምንት እንደሚቀድም ለደቀ መዛሙርታቸው ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው። ግን ማን ጠየቃቸው? እሳቸው ቁጥር ሲያዩ የሚታያቸው ዓመተ ምሕረት ብቻ ነበር።

ገድሉ ከሱቁ ውስጥ ምርጥ ምርጡን ለይቶ አራት ጎማ አሰልፎ ጠበቃቸው። ጥቁረቱ የሚያበራ፣ እነዚያ ቀጫጭን ጠጉሮቹ ገና ያልረገፉለት ጎማ! ሱቁ በደንበኞች ሞልቷል፤ የሰፈሩ ጎሚስታዎችም ቆመው ያያሉ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሠላሳ ስምንት… ሃያ አራት። ሃያ አራት? ዘንድሮ ዐሥራ ሰባት አይደለም እንዴ? ጣታቸውን ዘረጉ። ዐሥራ ሰባት ማቴዎስ፣ ዐሥራ ስምንት ማርቆስ… እያሉ ሄደው ሃያ አራት ዮሐንስ ላይ ወደቀ። ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ዘመን! ያልመጣ ዓመት እንዴት ብሎ ጎማ ላይ ይጻፋል? የሐሰት ማኅተም ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! በገዛ ልጃቸው ሰርግ! በገዛ ወንድማቸው እጅ! ደማቸው ፈላ።

«ገድሉ!»

«አቤት ጋሼ።»

«ያልተወለደውን ተወለደ ብለህ ለልጄ ሰርግ ታመጣለህ? አንተ ሐሰተኛ!»

ገድሉ ክው አለ። መሪጌታ ያሉት ዓመቱን ነበር። የገድሉ ጆሮ የሰማው ግን ሌላ ነበር… ያልተወለደ! በዚያ ቃል ፊቱ ላይ ድቅን የሚልበት አንድ መቃብር ብቻ ነው። ያሳደጉት ወንድሙ፣ አዝለው የለመኑለት ወንድሙ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የሞተ ልጁን አነሡበት! ልጅ ሳይኖርህ የልጅ አባት መስለህ በሰርጌ አትቁም ማለታቸው ነው ብሎ ተረዳው።

«ጋሼ… ይህን ለእኔ ይሉኛል?»

«እልሃለሁ! እደግመዋለሁም! ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ። ሰርጉም ላይ ዓይንህን እንዳላይ!»

ወጥተው ሄዱ። ገድሉ አራቱን ጎማ አንድ በአንድ አንሥቶ ሱቁ ጓዳ አስቀመጣቸው። መሪጌታም በቀጥታ ወደ ሌላ ሱቅ ገቡና ጎማ እያገላበጡ ቁጥር ያነቡ ጀመር። ሃያ ሁለት… ዐሥራ ሰባት! «እሰይ! ዘመነ ማቴዎስ፣ የዘንድሮ!» ብለው እንደ ሕፃን ጎማውን አቀፉት። አያችሁልኝ? በፈረንጅ ዐሥራ ሰባት የተሠራ፣ በእኛ በሁለት ሺህ ዘጠኝ መሆኑ ነው፤ መጋዘን ጥግ ለጥግ ሲገፋ የኖረ፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ግን የደረቀ ጎማ! ሻጩ ራሱ ቁጥሩን አንብቦ የማያውቅ ሰው ነበር። መሪጌታ አራቱን አስገጥመው ዳዊታቸውን እየደገሙ ወደ ቤታቸው ነዱ።

ከዚያ ወዲያ ያ የሳቅ ቤት ምን ሆነ? እሑድ መጣ፣ ገድሉ ቀረ። ሌላውም እሑድ መጣ፣ ቀረ። ወይዘሮ የብርጓል ሳቃቸውን ዋጡ። ሙሽራዋ እጇ ላይ እንሶስላ እየሞቀች እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል! «ጋሽ ገድሉ ካልመጣ ምኑን ሰርግ ሆነ?» ብትል አባቷ ድንጋይ ሆኑ። «ሐሰተኛ በተክሊል ፊት አይቆምም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ውስጣቸው ግን… ውስጣቸውማ ያሳደጉትን ልጅ እያሰቡ ይቃጠላሉ። ሥጋ አይደለም እንዴ? ማዕድ ሲቀርብ ገድሉ ወደሚቀመጥበት ወንበር ዞር ይሉና የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ያስቀምጡታል።

ወይዘሮ የብርጓል አላስችል ብሏቸው በጎረቤት ልጅ ኮሮላዋን አስነድተው ጎማ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ገድሉ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ አገኙት።

«ኧረ ገድልዬ፣ ምን ተባባላችሁ? እስቲ ለእኔ ንገረኝ።»

«ይቅር እትዬ… ዕድሌ ነው። በቃል ልደግመው አልችልም» አለና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ደጅ የቆመችውን ኮሮላ ሲያይ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ጎማው አጠገብ ተንበረከከ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ! ይህ ጎማ አሮጌ ነው! በሥላሴ ብዬዎታለሁ፣ በዚህ ጎማ ልጄን መንገድ እንዳያወጧት!»

ይህን ይዘው ቢመለሱ መሪጌታ ሳቁ፤ የምሬት ሳቅ። «የማቴዎስን ጎማ በማቴዎስ አሮጌ ይለዋል! ምቀኝነት ነው። ስሙንም አታንሺብኝ» አሉ። ወይዘሮ የብርጓል በሁለት ወንድማማቾች መካከል ግራ ገብቷቸው ቀሩ። እግዚኦ! አንዱ ሰምቶ ቢሆን፣ ሌላው ጠይቆ ቢሆን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር አልነበረም? ግን አንዱ በኩራት፣ ሌላው በቁስል ዝም አለ፤ የሰርጉም ቀን ደረሰ።

የጥር ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ግቢው በእልልታ ተናጋ። ከበሮ ይመታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያሸበሽባል፣ ሰብለ ወንጌል በካባዋ አምራ፣ እውነት ለመናገር የንጋት ፀሐይ መስላ ወጣች! ግን ከደጁ ስትደርስ ቆም ብላ ግራ ቀኝ ተመለከተች። የምትፈልገው ሰው የለም። እናቷ እጇን ጨብጠው አስገቧት። ሚኒባሶቹ እንግዳውን ጭነው ቀደሙ፤ መሪጌታ ሙሽራዋ አቧራ እንዳይነካት ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። አጠገባቸው ፎቶ አንሺው ብሩክ ካሜራውን ወደ ኋላ አዙሮ እናትና ልጅን ይቀርጻል። እነሱ ያላዩት ግን አንድ ነገር ነበር። ከበስተኋላ ራቅ ብሎ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ይከተላቸዋል። ጭነቱ አራት ጎማ ነው፣ ከነቸርኬው ተገጥሞ የተዘጋጀ። ነጂው ገድሉ ነው! ወደ ሰርጉ አልተጠራም፤ ደጁንም እንዳይረግጥ ተብሏል፤ ግን ያ ጎማ እንደማያደርስ ያውቃል። «መንገዱ የመንግሥት ነው፣ ከመንገድ ማን ያባርረኛል» እያለ፣ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ ይነዳል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ትከተሉ ነበር?

ከአስፋልቱ ወርደው የዘጌን ኮረኮንች ያዙ። ጣና በቀኝ በኩል በዛፎቹ መካከል ብልጭ እልም ይላል። ወይዘሮ የብርጓል የልጃቸውን ልብ ለማቅናት ዘፈን ጀመሩ፣ ብሩክ አጨበጨበ፣ ሙሽራዋም ትንሽ ፈገግ አለች። በዚያች ደቂቃ… ጧ! የፊት ቀኝ ጎማ ፈነዳ! ኮሮላዋ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፤ መሪው ከመሪጌታ እጅ አመለጠ፤ «ኪዳነ ምሕረት!» የሚል ጩኸት፣ አቧራ፣ የቅጠል መንኮሻኮሽ… አንድ ትልቅ የዋርካ ግንድ ስንዝር ሲቀራት መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። መሪጌታ ራሳቸው ከመስተዋቱ ጋር ተላትሞ ጥምጥማቸው አትርፏቸዋል። ዞር ለማለት ግን ፈሩ። «ሰብለ?» አሉ። መልስ የለም። «ሰብለ ወንጌል! ልጄ!» ዝም… አይ አባትነት! በዚያች ቅጽበት ስንት ጊዜ ሞቱ! ከዚያ ከኋላ፣ ከካባው ሥር፣ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። «አባዬ፣ ደህና ነኝ… እማዬ ላዬ ላይ ተኝታ እኮ ነው መናገር ያቃተኝ።» ወይዘሮ የብርጓል ልጃቸውን በገላቸው ሸፍነው ነበር። ማንም አልተነካም። ተመስገን ነው!

ፒክአፑ በአቧራ ውስጥ መጥቶ ቆመ። ገድሉ አንድ ጫማው ወልቆ ቀርቶ እየሮጠ ደረሰ። በሩን ገነጠለው ማለት ይቻላል። «ልጄ! ልጄ!» እያለ የሙሽራዋን እጅ፣ እግር፣ ፊት ዳበሰ፤ እትዬን ደገፈ፤ ብሩክን አወጣ። ወንድሙን ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። መንገደኞች ጠርቶ መኪናዋን ከቦዩ ጎትተው ካወጧት በኋላ፣ ክሪኩን አምጥቶ ጫማው በሌለበት እግሩ አቧራው ላይ ተንበረከከና የፈነዳውን ይፈታ ጀመር። መሪጌታ ከላይ ቆመው ያዩታል። የተላጠውን የፈነዳ ጎማ አዩ፤ ፒክአፑ ላይ ያለውን አዲሱን አዩ… ሠላሳ ስምንት፣ ሃያ አራት። ግራ ተጋቡ። የዘንድሮው ፈንድቶ፣ ያልመጣው ዓመት አዳኝ ይሆናል?

ብሩክ ካሜራውን አብርቶ ሲፈትሽ ደስ አለው። «መሪጌታ ይዩልኝማ፣ ምንም አልሆነም! ሁሉንም ቀርጾታል» ብሎ አሳያቸው። መሪጌታ ጥግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አዩ።

«ይህ ሃያ አምስት ምንድን ነው?»

«የዘንድሮው ዓመት ነዋ ፋዘር።»

«ሃያ አምስት?»

«የፈረንጅ ነው። ዕቃው የፈረንጅ አይደል እንዴ?»

ዕቃው የፈረንጅ አይደል! መሪጌታ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ጣታቸው በራሱ ጊዜ ተዘረጋ። ከሃያ አራት ሰባት ሲነሣ… ዐሥራ ሰባት። ከዐሥራ ሰባት ስምንት ሲነሣ… ዘጠኝ። ዘጠኝ! ስንት ደቀ መዝሙር ያስተማሩበት፣ በእንቅልፍ ልባቸው የሚያውቁት ቁጥር! በዚህ ቁጥር ልጃቸውን ሊገድሉ ነበር፤ በዚህ ቁጥር ወንድማቸውን ከደጃቸው አባረሩ!

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። መሪጌታ ድንጋይ አልፈለጉም። ገድሉ ሦስቱን ገጥሞ ለአራተኛው እጁን ሲዘረጋ፣ እሳቸው ቀድመው ያን ጎማ ከነቸርኬው አነሡና ማጅራታቸው ላይ ጫኑት። ጥምጥማቸው አቧራ ላይ ወደቀ። ያ ሊቅ፣ ያ ስንት ሰው እጁን የሚስመው ሰው፣ በታናሽ ወንድሙ ፊት በጉልበቱ ወደቀ!

«ገድሉ፣ ማረኝ።»

«ጋሼ! ምን ማድረግዎ ነው? ኧረ በማርያም ይነሡ!»

«ካልማርኸኝ አልነሣም። ዓመቱን ሳትሁ። የፈረንጁን የእኛ ነው ብዬ ቆጠርሁ፤ በእኔ ስሕተት አንተን ሐሰተኛ አልሁህ።»

ገድሉ ዓይኑ ፈጠጠ። «ዓመቱን?… ጋሼ፣ ያልተወለደ ያሉኝ…»

«ሃያ አራትን ነው! ገና ያልደረሰ ዓመት መስሎኝ! አንተ ምን መስሎህ ነበር?»

ገድሉ የያዘውን የብሎን መፍቻ ጣለው። «የውዴን… የውዴን ልጅ ያነሡብኝ መስሎኝ…» አለና ተንሰቀሰቀ።

መሪጌታ ጎማው ማጅራታቸው ላይ እንዳለ ዋይ አሉ። «እኔ? ያን ሕፃን እኔ በአፌ? ስም እንኳ ሳይኖረው ‹የገድሉ ልጅ› እያልሁ ሳላነሣው የቀረ ጸሎት የለኝም እኮ! ምነው ያን ዕለት ምላሴ በተቆረጠ!»

ገድሉ ከዚያ ወዲያ አልቆመም። ወድቆ ወንድሙን ከነጎማው አቀፋቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች እንደ ሕፃን አለቀሱ! ወይዘሮ የብርጓል አለቀሱ፣ መንገደኛው አለቀሰ፣ ብሩክ እንኳ እያለቀሰ መቅረጹን አልተወም። ያን ጊዜ ሙሽራዋ ካባዋን ሰብስባ ከመኪናው ወረደች፤ እንባዋ ኩሏን አበላሽቶታል፤ ጎማውን ከአባቷ ማጅራት በሁለት እጇ ጎተተች።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ የማገባው ዛሬ ነው ወይስ በሃያ አራት?»

ሳቁ ከጣና ማዶ ተሰምቶ ይሆናል! የወይዘሮ የብርጓል ሳቅ ከሁሉ በላይ ወጣ። ገድሉ እየሳቀና እያለቀሰ አራተኛውን ጎማ ገጠመ፤ መሪጌታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያቀበሉ።

ዘጌ ሲደርሱ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ዓምደ ሚካኤል ልቡ በአፉ ሊወጣ ደርሶ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ይጠብቋቸዋል። አንድ ሽማግሌ ቄስ እጃቸውን ዘርግተው «የሙሽራዋ አባት ልጃቸውን ይዘው ይቅረቡ» አሉ። መሪጌታ የልጃቸውን እጅ ያዙ፣ ሳሙትና ወደ ኋላ ዞሩ። ገድሉ በአንድ ጫማ፣ በግሪስ በጠቆረ እጁ፣ ከሰዉ ኋላ ተደብቆ ቆሟል። ሄደው በክንዱ ጎትተው አመጡት። «አባ፣ አባቷ እሱ ነው። እኔ ሹፌሯ ነኝ» አሉና የሰብለን እጅ በእጁ ላይ አኖሩት። ገድሉ ግሪሱ እንዳይነካት እጁን ሊነጥቅ ቢል ልጅቱ አጥብቃ ያዘችው። እንደ ተያያዙ ገቡ። እልልታው ዘጌን አናወጠው።

ዕድል እንዲህ ናት እንግዲህ። አንዲት ቃል በተሳሳተ ጆሮ ትገባና የዕድሜ ልክ ፍቅር ታፈርሳለች፤ ስንቱ ወንድማማች አለ ምን እንደ ተባባለ ሳይጠያየቅ፣ አንዱ የአንዱን ቀብር ከሩቅ ቆሞ ያየ! የእነዚያ ቁርሾ ሳይፈነዳ አብሮ ተቀብሯል። እነዚህ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎማቸው ፈነዳ።